የ2015–16 ፕሪሚየር ሊግ

የ2015–16 ፕሪሚየር ሊግ የእንግሊዝ ከፍተኛ የእግር ኳስ ውድድር በዚህ ስያሜ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ 24ኛው የውድድር ዘመን ነው። ከነሐሴ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ድረስ 20 ክለቦች 380 ጨዋታዎችን አድርገው 1,026 ግቦችን አስቆጥረዋል። ሻምፒዮን የሆነው ሌስተር ሲቲ ነው። ክለቡ በ1884 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ የከፍተኛውን ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ይህ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሻለ ውጤቱ በ1928–29 ያገኘው ሁለተኛ ደረጃ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የውድድር ዘመን ስያሜዎችና «እ.ኤ.አ.» የተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቀናቱ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀርበዋል።

የሌስተር ድል ብዙ ጊዜ «ተአምር» እየተባለ ይነገራል። ውድድሩ ሲጀመር የእንግሊዝ አወራራጅ ድርጅቶች ለክለቡ ሻምፒዮንነት 5,000 ለ1 መስጠታቸው ለዚህ አባባል ዋና ምክንያት ነው፤ አንድ ፓውንድ ያስያዘ ሰው ሌስተር ቢያሸንፍ 5,000 ፓውንድ ያገኝ ነበር ማለት ነው። የደረጃ ሰንጠረዡ ግን ነገሩን ለመረዳት ከተአምር የተሻለ መንገድ ያሳያል። ሌስተር የጨረሰው በ81 ነጥብ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት የውድድር ዘመናት ሻምፒዮኖቹ 89፣ 89፣ 86 እና 87 ነጥብ ነበራቸው። በ2013–14 ቢሆን ኖሮ 81 ነጥብ የሚያስገኘው አራተኛ ደረጃን ብቻ ነበር። ስለዚህ የዚህ ዓመት ታሪክ ሁለት ጎን አለው፤ አንዱ ትንሹ ክለብ ከአቅሙ በላይ መውጣቱ ነው፣ ሌላው ትልልቆቹ ሁሉ በአንድ ዓመት ከአቅማቸው በታች መውረዳቸው ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ዋንጫው ወደ ሌላ ከተማ መሄዱ አይቀርም ነበር።

የውድድሩ አሠራር

እያንዳንዱ ክለብ ከሌሎቹ 19 ክለቦች ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጪ ይጫወታል፤ በድምሩ 38 ጨዋታ ማለት ነው። ድል 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ ያስገኛል። ነጥብ እኩል ሲሆን የግብ ልዩነት ይታያል። በዚያ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አራት ክለቦች ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ ይገቡ ነበር፤ አራተኛው ግን በማጣሪያ አልፎ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳሉ። ከታች ያደጉት በርንማውዝ፣ ዋትፎርድና ኖርዊች ሲቲ ነበሩ፤ በርንማውዝ በከፍተኛው ሊግ ሲጫወት የመጀመሪያው ነበር።

ሌስተር ከውድድሩ በፊት

ሌስተር በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል የምትገኝ ከተማ ናት። ክለቡ በ2008–09 በሦስተኛው እርከን ይጫወት ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የታይላንዱ ባለሀብት ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ ገዙት፤ በ2014 ደግሞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የመጀመሪያው ዓመት ግን ጭንቅ ነበር። በ2014 የፈረንጆች ገና ሌስተር የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበር። 29 ጨዋታ አድርጎ 19 ነጥብ ብቻ ይዞ ሳለ፣ ከቀሪዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸንፎ በ41 ነጥብ 14ኛ ሆነ። የከተማው ሰዎች ለዚህ መነቃቃት የቀልድ ምክንያት አላቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. በመኪና ማቆሚያ ሥር አጽማቸው የተገኘው ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ በሌስተር ካቴድራል በክብር የተቀበሩት መጋቢት 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የድሉ ጉዞ የጀመረው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዌስት ሃምን 2 ለ 1 በማሸነፍ ነበር።

ቡድኑን ከመውረድ ያተረፈው አሰልጣኝ ናይጀል ፒርሰን ከባለቤቶቹ ጋር ባለመስማማቱ ሰኔ 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ተሰናበተ። በምትኩ የተቀጠረው የ63 ዓመቱ ጣሊያናዊ ክላውዲዮ ራኒየሪ ነው። ራኒየሪ በቼልሲ፣ በሮማና በሞናኮ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል፤ የአንድም አገር ከፍተኛ ሊግ ዋንጫ ግን አላነሳም ነበር። የመጨረሻ ሥራው የግሪክ ብሔራዊ ቡድን ሲሆን፣ ቡድኑ በሜዳው በፋሮ ደሴቶች 1 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ተባርሯል። በሹመቱ የተደሰተ ሰው ጥቂት ነበር።

ቡድኑና አጨዋወቱ

የሌስተር ተጫዋቾች አመጣጥ ሲታይ አብዛኞቹ ሌላ ክለብ የተዋቸው ወይም ያላያቸው ናቸው። አጥቂው ጄሚ ቫርዲ በወጣትነቱ ለተሰበረ እጅና እግር የሚያገለግሉ መደገፊያዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ እየሠራ ስቶክስብሪጅ ለሚባል ትንሽ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ ይጫወት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ሌስተር በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። አልጄሪያዊው የክንፍ ተጫዋች ሪያድ ማህሬዝ በፈረንሳይ ሁለተኛ ሊግ ለሌሃቭር ይጫወት ነበር፤ የሌስተር መልማይ ወደዚያ የሄደው ሌላ ተጫዋች ሊያይ ሲሆን ዓይኑ ያረፈው ማህሬዝ ላይ ነው። ዋጋው ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በታች ነበር። ማርክ ኦልብራይተንን አስቶን ቪላ በነጻ ለቆታል፤ ክርስቲያን ፉክስም ከሻልከ የመጣው ያለ ዝውውር ክፍያ ነው። አማካዩ ዳኒ ድሪንክዋተርና የቀኝ ተከላካዩ ዳኒ ሲምፕሰን ሁለቱም ከማንቸስተር ዩናይትድ የወጣቶች ማሠልጠኛ የወጡ፣ ግን እዚያ ቦታ ያላገኙ ናቸው። የግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክል አባት ፒተር ሽማይክል ደግሞ ከዚያው ዩናይትድ ጋር ዋንጫውን ደጋግሞ ያነሳ በረኛ ነው።

በክረምቱ የዝውውር መስኮት ከመጡት ውስጥ ከሁሉም በላይ ቡድኑን የለወጠው ፈረንሳዊው ንጎሎ ካንቴ ነው። በ5.6 ሚሊዮን ፓውንድ ከካን ክለብ ተገዛ። በውድድር ዘመኑ 175 ጊዜ ኳስ በመንጠቅና 156 ጊዜ የተጋጣሚን ቅብብል በማቋረጥ በሁለቱም ከሊጉ ተጫዋቾች አንደኛ ሆነ። ሌስተር በሁለት አማካዮች ብቻ መጫወት የቻለው በእሱ ምክንያት ነው።

አሰላለፉ ያኔ ብዙዎቹ ትልልቅ ክለቦች የተዉት 4-4-2 ነበር። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች፣ አምበሉ ዌስ ሞርጋንና ጀርመናዊው ሮበርት ሁት፣ ፈጣን አልነበሩም፤ ስለዚህ የመከላከያው መስመር ወደ ራሱ ግብ ተጠግቶ ይቆማል፣ ከጀርባው ቦታ አይተውም። ኳሱን ለተጋጣሚ መተው ለሌስተር ችግር አልነበረም፤ በኳስ ቁጥጥር ከሊጉ ዝቅተኛ ቡድኖች አንዱ ነበር። ኳሱ እንደተነጠቀ ግን ድሪንክዋተር ወይም ማህሬዝ በረጅሙ ከተከላካዮች ጀርባ ይልካሉ፣ ቫርዲ ይሮጣል። ጃፓናዊው ሺንጂ ኦካዛኪ ከፊት ሆኖ የተጋጣሚን አማካዮች ያስጨንቃል። ተንኮል የለበትም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ለብዙ ወራት ሊያስቆመው የቻለ ጥቂት ነው።

ሌላው ጥቅም ጤና ነበር። ሌስተር በአውሮፓ ውድድር አልተሳተፈም፤ ከሁለቱም የአገር ውስጥ ጥሎ ማለፍ ዋንጫዎች በጊዜ ወጣ። በዓመቱ ያደረገው ጠቅላላ ጨዋታ 43 ብቻ ነው። ሞርጋንና ሽማይክል 38ቱንም የሊግ ጨዋታዎች ሳይቀየሩ ተጫውተዋል።

እስከ ፈረንጆች ገና

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌስተር ለማየት የሚያዝናና፣ ለመከላከል ግን የማይታመን ቡድን ነበር። ሰንደርላንድን 4 ለ 2 አሸንፎ ጀመረ። መስከረም 2 ቀን 2008 ዓ.ም. በአስቶን ቪላ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 3 ለ 2 አሸነፈ። መስከረም 15 ግን አርሰናል በሜዳው 5 ለ 2 ረታው። ከዚህ ሽንፈት በኋላ ራኒየሪ ሁለቱን የመስመር ተከላካዮች ቀይሮ ሲምፕሰንንና ፉክስን አስገባ፤ በጊዜው ብዙ ያልተወራለት፣ ነገር ግን የዓመቱን አቅጣጫ የወሰነ ለውጥ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች 17 ግብ ገብቶበታል። ራኒየሪ ግብ ሳይቆጠርባችሁ ከወጣችሁ ፒዛ እጋብዛችኋለሁ ብሎ ለተጫዋቾቹ ቃል ገባ። ጥቅምት 13 ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ቃሉን ጠበቀ፤ ወደ ፒዛ ቤት ወስዷቸው ግን ፒዛውን ራሳቸው እንዲጋግሩ አደረገ።

በዚሁ ጊዜ ቫርዲ በየሳምንቱ ግብ ያስቆጥር ነበር። ከነሐሴ 23 ቀን 2007 እስከ ኅዳር 18 ቀን 2008 ዓ.ም. በተከታታይ 11 የሊግ ጨዋታዎች 13 ግቦችን አስቆጠረ። የመጨረሻዋ በማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ስትቆጠር የዩናይትዱ ሩድ ቫን ኒስተልሮይ በ2003 እ.ኤ.አ. የያዘው የ10 ጨዋታ ክብረ ወሰን ተሰበረ። ከፕሪሚየር ሊግ በፊት ያለው ታሪክ ሲጨመር ግን የጂሚ ደን የ12 ጨዋታ ክብረ ወሰን ከ1931–32 ጀምሮ ሳይደፈር ቆይቷል። ቫርዲ በቀጣዩ ሳምንት በስዋንሲ ላይ ሳያስቆጥር ወጣ፤ ያን ቀን ግን ማህሬዝ ሐትሪክ ሠርቶ ሌስተር 3 ለ 0 አሸንፏል።

በፈረንጆች ገና ሌስተር 17 ጨዋታ አድርጎ በ38 ነጥብ መሪ ነበር። ልክ ከዓመት በፊት በዚያው ቀን የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበር።

የትልልቆቹ ውድቀት

ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ቼልሲ የወደቀበት ፍጥነት በራሱ ጽሑፍ የሚበቃው ነው። በ16 ጨዋታ 9 ጊዜ ተሸንፎ 15 ነጥብ ብቻ ሰበሰበ። ታኅሣሥ 4 ሌስተር 2 ለ 1 ካሸነፈው ከሦስት ቀን በኋላ ጆዜ ሞሪንሆ ተሰናበተ። ቼልሲ ያኔ 16ኛ ነበር። በጊዜያዊነት የመጣው ጉስ ሂዲንክ አረጋጋው፤ ክለቡም 10ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ማንቸስተር ሲቲ ኬቪን ደብሩይነንና ራሂም ስተርሊንግን ገዝቶ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች ግብ ሳይገባበት አሸንፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወጥ አልሆነም። ጥር 23 ቀን በቀጣዩ ዓመት ፔፕ ጋርዲዮላ የማኑኤል ፔሌግሪኒን ቦታ እንደሚይዝ ክለቡ አስታወቀ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ሌስተር በሜዳው 3 ለ 1 ረታው። በዚያ ጨዋታ ሁት ሁለት፣ ማህሬዝ አንድ አስቆጥረዋል። ማንቸስተር ዩናይትድ በሉዊ ቫን ኻል ሥር ጠንካራ መከላከያ ነበረው፣ በ38 ጨዋታ ያስቆጠረው ግብ ግን 49 ብቻ ነው። ሊቨርፑል መስከረም ላይ ብሬንደን ሮጀርስን አሰናብቶ ዩርገን ክሎፕን አመጣ፤ የክሎፕ ዘመን ፍሬ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

የአርሰናል ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። ሌስተር በዓመቱ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ በአርሰናል፣ አንዱ በሊቨርፑል። ዋንጫውን ካነሳው ቡድን ስድስቱንም ነጥብ የወሰደ ክለብ ዋንጫውን ማጣቱ ለአርሰናል ደጋፊ፣ በኢትዮጵያም ብዙ ለሆነው፣ የሚቆጭ ነገር ነው። ክለቡ በክረምቱ የገዛው ግብ ጠባቂውን ፒተር ቼክን ብቻ ነበር፤ አንድም የሜዳ ተጫዋች አልጨመረም። ሜሱት ኦዚል 19 ለግብ የሚሆኑ ኳሶችን አቀብሎ ከሊጉ አንደኛ ሲሆን፣ እነዚያን ኳሶች በየሳምንቱ የሚጨርስ አጥቂ ግን አልነበረም። የክለቡ ኮከብ ግብ አግቢ ኦሊቪየ ዢሩ 16 ግብ ነው ያስቆጠረው።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ

ሌስተር በታኅሣሥ መጨረሻ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ግብ ሳያስቆጥር ሲቀር ብዙዎች የሚጠብቁት መውረድ ተጀመረ ብለው ነበር። ጥር 4 ቀን በቶተንሃም ሜዳ ሁት በ83ኛው ደቂቃ በግንባሩ ያስቆጠራት ግብ መለሰችው። ከጥር 14 ጀምሮ የመሪነቱን ቦታ ለማንም አልሰጠም።

ትልቁ ፈተና የመጣው የካቲት 6 ቀን ነው። ሌስተር በአርሰናል ሜዳ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ ሲምፕሰን በቀይ ካርድ ወጣ። ቲዮ ዋልኮት አቻ አደረገ፤ በ95ኛው ደቂቃ ዳኒ ዌልቤክ በግንባሩ አሸናፊዋን ግብ አስቆጠረ። ልዩነቱ ወደ ሁለት ነጥብ ወረደ፤ ሌስተር 53፣ ቶተንሃምና አርሰናል እያንዳንዳቸው 51። ራኒየሪ ለተጫዋቾቹ የሰጠው ተግሣጽ ሳይሆን የአንድ ሳምንት ዕረፍት ነበር፤ ሌሎቹ ለኤፍ ኤ ካፕ ሲጫወቱ የእሱ ልጆች ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዕረፍቱ መልስ 12 ጨዋታ ቀርቷል። ሌስተር ስምንቱን አሸነፈ፣ በአራቱ አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። በእነዚህ 12 ጨዋታዎች የገባበት ግብ ሰባት ብቻ ነው። በመስከረም 5 ለ 2 የተሸነፈው ቡድን አሁን 1 ለ 0 ማሸነፍን ሥራው አድርጎታል። ኖርዊች፣ ዋትፎርድ፣ ኒውካስል፣ ክሪስታል ፓላስና ሳውዝሃምፕተን ሁሉም በዚህ ውጤት ተሸኙ። ሊዮናርዶ ኡሎዋ በ89ኛው ደቂቃ በኖርዊች ላይ ያስቆጠራት ግብ ስታዲየሙን እንዲህ አናወጠችው፤ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት የተከሉት የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ 0.3 መጠን ያለው ንዝረት መዘገበ።

ሆኖም ዋንጫውን ለሌስተር ያቀረበው የራሱ ድል ብቻ አልነበረም። የካቲት 22 ከዌስትብሮም ጋር 2 ለ 2 ሲለያይ ተከታዮቹ ቀዳዳ አግኝተው ነበር። በማግሥቱ፣ በኢትዮጵያ የዓድዋ በዓል በሚከበርበት የካቲት 23፣ ቶተንሃም በዌስት ሃም 1 ለ 0፣ አርሰናል በገዛ ሜዳው በስዋንሲ 2 ለ 1፣ ማንቸስተር ሲቲ በሊቨርፑል 3 ለ 0 ተሸነፉ። ሦስቱም በአንድ ምሽት። በሳምንቱ መጨረሻ ቶተንሃምና አርሰናል እርስ በርስ ተገናኝተው 2 ለ 2 ሲለያዩ፣ ሌስተር ዋትፎርድን አሸንፎ ልዩነቱን አምስት ነጥብ አደረሰ። ውድድሩ የተወሰነበትን ሳምንት መምረጥ ካስፈለገ ይህ ነው።

በሚያዝያ 9 ቀን ግን ሌላ መሰናክል ነበር። ከዌስት ሃም ጋር ሲጫወቱ ቫርዲ ግብ አስቆጥሮ፣ በኋላ ሆን ብሎ ወድቋል ተብሎ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ አይቶ ወጣ። ዌስት ሃም በ84ኛውና በ86ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ 2 ለ 1 መራ፤ በ95ኛው ደቂቃ ኡሎዋ ፍጹም ቅጣት ምት አስገብቶ አንዷን ነጥብ አተረፈ። ቫርዲ ሁለት ጨዋታ ሲቀጣ ቡድኑ ይፈርሳል የተባለው አልሆነም። ስዋንሲን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ እሱን የተካው ኡሎዋ ሁለት አስቆጠረ።

የማዕዶት ሰኞ

በ2008 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 23 ነበር። በዚያ ቀን ሌስተር በኦልድ ትራፎርድ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ፤ ግቧን ያስቆጠረው ሞርጋን ነው። ነጥቡ 77 ሆነ። ቶተንሃም በ69 ነጥብ ሦስት ጨዋታ ይቀረዋል፤ ሁሉንም ማሸነፍ ነበረበት።

በማግሥቱ፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ቶተንሃም በቼልሲ ሜዳ ተጫወተ። በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር፤ ጾም ፈትቶ በበዓል ላይ ያለ የኳስ ወዳጅ በዲኤስቲቪ ለማየት ያመቸ ሰዓት ነው። ቶተንሃም በስታምፎርድ ብሪጅ የሊግ ጨዋታ ካሸነፈ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነበር። በሃሪ ኬንና በሰን ሁንግ ሚን ግቦች እስከ ዕረፍት 2 ለ 0 መራ። ከዕረፍት በኋላ ጋሪ ኬሂል አንድ መለሰ። ዓመቱን ሙሉ ደብዝዞ የቆየው ኤደን ሃዛርድ ተቀይሮ ገብቶ በ83ኛው ደቂቃ ኳሷን ከርቀት ወደ ማዕዘኑ አሳረፋት። 2 ለ 2። የቶተንሃም ተጫዋቾች ንዴታቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ዘጠኙ ቢጫ ካርድ አዩ፤ ይህም ለአንድ ቡድን የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን ሆነ። ቶተንሃም የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች ቢያሸንፍ እንኳ ከ76 ነጥብ አያልፍም። ሌስተር ሳይጫወት ሻምፒዮን ሆነ።

የሌስተር ተጫዋቾች ጨዋታውን የተመለከቱት በቫርዲ ቤት ተሰብስበው ነበር። ራኒየሪ በዚያ ቀን የ96 ዓመት እናቱን ምሳ ለመጋበዝ ወደ ሮም ሄዶ ነበር። ዋንጫው የተሰጠው ሚያዝያ 29 ቀን ኤቨርተንን 3 ለ 1 ባሸነፉበት ዕለት ሲሆን፣ ከጨዋታው በፊት ጣሊያናዊው ዘፋኝ አንድሪያ ቦቼሊ በሜዳው መሐል ዘመረ። ግንቦት 8 በከተማው ጎዳናዎች በተደረገው የደስታ ሰልፍ ወደ 240,000 ሰው ወጥቷል ተብሏል።

የመጨረሻው ሰንጠረዥና ወራጆቹ

ሌስተር 23 ጊዜ አሸንፎ፣ 12 ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ 3 ጊዜ ተሸንፎ በ81 ነጥብ ጨረሰ። 68 ግብ አገባ፣ 36 ገባበት። በመጨረሻው ቀን አርሰናል አስቶን ቪላን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ቶተንሃም ቀድሞ መውረዱ በተረጋገጠውና በአሥር ሰው በሚጫወተው ኒውካስል 5 ለ 1 ተሸነፈ። በዚህም ለዋንጫ ሲፎካከር የቆየው ቶተንሃም በ70 ነጥብ ሦስተኛ፣ አርሰናል በ71 ሁለተኛ ሆኑ። ሁለቱ ማንቸስተሮች በ66 ነጥብ እኩል ሆነው ሲቲ በግብ ልዩነት አራተኛ ወጣ። ሳውዝሃምፕተን በ63፣ ዌስት ሃም በ62፣ ሊቨርፑል በ60 ተከተሉ። ዌስት ሃም ከመቶ ዓመት በላይ የተጫወተበትን አፕተን ፓርክን ግንቦት 2 ቀን ዩናይትድን 3 ለ 2 በማሸነፍ ተሰናበተ። የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ ወደ ግንቦት 9 የተላለፈው ደግሞ ለልምምድ የተሠራና ተረስቶ የቀረ አስመሳይ ቦምብ በኦልድ ትራፎርድ በመገኘቱ ነው።

ከታች አስቶን ቪላ በ17 ነጥብ የመጨረሻ ሆነ። በ1982 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረውና ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1992 አንሥቶ ያልወረደው ክለብ፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ካሸነፈ በኋላ ሁለተኛ ድሉን ያገኘው በጥር ነው። 27 ጊዜ ተሸነፈ። ኒውካስል ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ተጫዋቾችን ገዝቶ ነበር፤ መጋቢት ላይ ራፋኤል ቤኒቴዝን ቢያመጣም ሁለት ነጥብ አነሰው። ያን ቦታ የተረከበው የቅርብ ጎረቤቱና ባላንጣው ሰንደርላንድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች አንድም ሳያሸንፍ ቆይቶ፣ በሳም አላርዳይስ ሥር ግንቦት 3 ኤቨርተንን 3 ለ 0 ሲረታ ኒውካስልንና ኖርዊችን በአንድ ምሽት አወረዳቸው።

ሽልማትና ገንዘብ

ኮከብ ግብ አግቢው በ25 ግብ የቶተንሃሙ ሃሪ ኬን ነው፤ ቫርዲና ሰርጂዮ አጉዌሮ 24 አስቆጥረዋል። ማህሬዝ 17 ግብ አስቆጥሮና 11 አቀብሎ የተጫዋቾች ማኅበርን የዓመቱ ኮከብነት ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የስፖርት ጸሐፊዎች ማኅበር የመረጠው ቫርዲን ነው።

ከሊጉ የገንዘብ ክፍፍል ብዙውን የወሰደው ሻምፒዮኑ አይደለም። አርሰናል ወደ 101 ሚሊዮን፣ ሌስተር ወደ 93 ሚሊዮን ፓውንድ አገኙ። የክፍፍሉ አንድ ክፍል በቀጥታ በቴሌቪዥን በሚተላለፉ ጨዋታዎች ቁጥር ስለሚወሰን፣ ጣቢያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ክለብ ሁለተኛ ቢወጣም የበለጠ ያገኛል። በዓመቱ መጀመሪያ የሌስተርን ጨዋታ ለማሳየት የቸኮለ ጣቢያ አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነው

የቀድሞው የሌስተር አጥቂና በወቅቱ የቢቢሲ አቅራቢ የነበረው ጋሪ ሊኒከር ክለቡ ዋንጫ ካነሳ ፕሮግራሙን በውስጥ ሱሪ እንደሚያቀርብ ተናግሮ ነበር፤ ነሐሴ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ቃሉን ፈጸመ። በሜዳ ላይ ግን ደስታው አልቆየም። ሌስተር በሻምፒዮንስ ሊግ እስከ ሩብ ፍጻሜ ቢደርስም በሊጉ ወደ ወራጅ ቀጠና ተጠጋ፤ ራኒየሪም የካቲት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ተሰናበተ። ክለቡ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በ2013–14 ከገንዘብ አወጣጥ ደንብ ጋር በተያያዘ ለቀረበበት ክስ 3.1 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። የክለቡ ባለቤት ቪቻይ ጥቅምት 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ከስታዲየሙ እንደተነሣ በወደቀ ሄሊኮፕተር ሕይወታቸው አለፈ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሌስተር ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ።

ከዋናዎቹ ተጫዋቾች በመጀመሪያው ክረምት የለቀቀው ካንቴ ብቻ ነው። ወደ ቼልሲ ሄደ፤ ቼልሲም በ2016–17 ሻምፒዮን ሲሆን ካንቴ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ከሁለት የተለያዩ ክለቦች ጋር ዋንጫውን አነሳ።